ከባልደረቦች ጋር ወደ ቋንቋ መምህራን ጉባኤ መሄድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ከአንድ ትምህርት ቤት ወይም ከአንድ የትምህርት ክፍል ሁለት፣ ሦስት ሆነው ወደ ሙያ ጉባኤ ለመሄድ ለሚያስቡ የቋንቋ መምህራን የተዘጋጀ ነው። መልሶቹ ውስጥ አንድ ሐሳብ እየተመላለሰ ይመጣል፦ በጉባኤው ቀናት ተለያዩ፣ ከተመለሳችሁ በኋላ ግን አትለያዩ። አብዛኛው ቡድን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው።

የትኛው ጉባኤ ለእኛ ይሆናል?

በመጀመሪያ የምታስተምሩት ቋንቋ ይወስነዋል። በእንግሊዝኛ ማስተማር ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ቴሶልና በ1967 ብሪታንያ ውስጥ የተመሠረተው አያቴፍል ናቸው። ሁለቱም ማርች ወይም ኤፕሪል ገደማ ሺዎችን የሚያሰባስብ ዓመታዊ ጉባኤ ያዘጋጃሉ። በዚያው በ1967 የተቋቋመው አክትፍል ደግሞ ከስፓኒሽ እስከ ቻይንኛ የተለያዩ ቋንቋዎችን የሚያስተምሩትን በኖቬምበር ይጠራል። የጀርመንኛ መምህራን ዓለም አቀፍ ማኅበር ከ1968፣ የፈረንሳይኛ መምህራን ፌዴሬሽን ከ1969 ጀምሮ አሉ፤ የእነዚህ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የሚደረገው በየጥቂት ዓመቱ ስለሆነ አንዴ ካመለጠ ቶሎ አይገኝም። በ1964 የተመሠረተው አይላ የተግባራዊ ሥነ ልሳን ተመራማሪዎች ቤት ነው። ነገ ክፍል ገብቶ የሚሠራበትን ነገር ለሚፈልግ መምህር ይከብዳል ባይ ነኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ግን ከትልቁ አትጀምሩ። የአገር ወይም የአካባቢ ማኅበራት የሚያዘጋጁት ጉባኤ ተሳታፊው ጥቂት ነው፣ አቅራቢውን ከመድረክ እንደወረደ ታገኙታላችሁ፣ የሚነሳው ችግርም (ብዙ ተማሪ ያለበት ክፍል፣ ያረጀ መማሪያ መጽሐፍ፣ ከማስተማሩ ጋር የማይገጥም ፈተና) የእናንተው ይሆናል። ትልቁ ጉባኤ የሚጠቅመው ምን ፈልጎ እንደሚሄድ አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው።

ከባልደረቦች ጋር መሄድ ብቻ ከመሄድ በምን ይሻላል?

ለመንገድ ጓደኛነት ከሆነ ብዙም አይሻልም። እንዲያውም ብቻውን የሄደ ሰው ከማያውቀው ጋር ለመነጋገር ይገደዳል፤ አብረው የሄዱት ግን እርስ በርስ ሲያወሩ ከርመው ይመለሳሉ።

ጥቅሙ የሚታየው በኋላ ነው። ብቻውን የሄደ መምህር አዲስ ነገር ይዞ ሲመለስ የሚጠብቀው ነገሩን ያላየ፣ ያልሰማ የመምህራን ክፍል ነው። ሁለት ሳምንት ይሞክራል፣ ተማሪዎቹ ግር ይላቸዋል፣ ፈተና ይደርሳል፣ ይተወዋል። ሁለት ሰው ያየው ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አይሞትም። አንዱ ሲሰለች ሌላው «ያቺን ነገር ሞከርካት?» ብሎ ይጠይቀዋል።

ብሩስ ጆይስና ቤቨርሊ ሻወርስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980 በመምህራን ሥልጠና ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ገምግመው የአንድን ሥልጠና አካላት በአምስት ከፍለዋቸው ነበር፦ ሐሳቡን ማብራራት፣ በተግባር ማሳየት፣ ማለማመድ፣ ግብረ መልስ መስጠት፣ በመጨረሻም መምህሩ ክፍል ውስጥ ሥራ ላይ ሲያውለው አጠገቡ ሆኖ ማገዝ። አሁን ጉባኤን በዚህ ሚዛን አስቀምጡት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በደንብ ይሰጣል፤ ጥሩ ወርክሾፕ ከሆነ ሦስተኛውንም ያስቀምሳል። የቀሩት ሁለቱ ከማንም ጉባኤ አይገኙም፤ የሚገኙት በሚቀጥለው ክፍል ከሚያስተምረው ባልደረባችሁ ነው። አብሮ የመሄድ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስንት ሰው ይሂድ? ማንስ ይመረጥ?

ከሁለት እስከ አራት። ከዚያ ሲበዛ ቡድኑ የራሱን ትንሽ ጉባኤ ማካሄድ ይጀምራል።

ምርጫ ላይ የሚያጣላው አብዛኛውን ጊዜ የአገልግሎት ዘመን ነው። ለነባር መምህር ክብር መስጠት ተገቢ ቢሆንም ተጓዦቹ ሁሉ ጡረታ የተቃረቡ ከሆኑ ትምህርት ቤቱ የሚያተርፈው ትንሽ ነው። ቢያንስ ሁለቱ ተመሳሳይ ክፍል ወይም ተመሳሳይ ደረጃ የሚያስተምሩ ይሁኑ፤ ካለዚያ ሲመለሱ አብረው የሚሞክሩት ነገር አይኖርም። መስፈርቱን ከምዝገባ በፊት በጽሑፍ አውጥታችሁ ለሁሉም አሳዩ። የቀረው መምህር ለምን እንደቀረ ካወቀ ቅሬታው ይቀንሳል፣ የተጓዦቹን ክፍል ለመሸፈንም እጁ አያጥርም።

ርእሰ መምህሩን ወይም የክፍሉን ኃላፊ እንዴት እናሳምን?

«ለሙያ ማሻሻያ» የምትለዋን ሐረግ ከደብዳቤው አውጧት። ሁሉም ይጽፋታል፣ ማንም አያነባትም። በእሷ ፈንታ ኃላፊው ራሱ የሚያውቀውን አንድ ችግር ከፊት አስቀምጡ። ለምሳሌ፦

«የ9ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን የቃላትና የሰዋስው ጥያቄ ይሠራሉ፤ ሁለት ደቂቃ በተከታታይ ተናገሩ ሲባሉ ግን ዝም ይላሉ። የጉባኤው ፕሮግራም ላይ የመናገር ክህሎትን የሚመለከቱ ወርክሾፖች አሉ። ሁለታችን ተከፋፍለን እንከታተላቸዋለን። ከተመለስን በኋላ በሁለት ምድቦች ለስድስት ሳምንት ሞክረን ውጤቱን ለክፍሉ እናቀርባለን። በሌለንበት ጊዜ ክፍሎቻችንን የሚሸፍኑት መምህራን ስምና የሚሠሩት ሥራ ከዚህ ጋር ተያይዟል።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከሁሉ በላይ ትሠራለች። ኃላፊን የሚያስጨንቀው ብዙ ጊዜ ከገንዘቡ ይልቅ መምህር የሌለበት ክፍል ነው። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ ሁላችሁም በአንድ ደብዳቤ ላይ ፈርሙ።

ወጪውን እንዴት እንቀንሳለን?

መጀመሪያ የሚታየው የምዝገባ ቀን ነው። አብዛኞቹ ጉባኤዎች ቀድሞ ለሚመዘገብ ዝቅተኛ ክፍያ አላቸው፤ ቀኑ ካለፈ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የማኅበር አባልም ቅናሽ ያገኛል፤ አንዳንዴ የአባልነት መዋጮና የአባል ምዝገባ ተደምረው ከአባል ያልሆነ ሰው ምዝገባ ያነሱ ሆነው ይገኛሉ፤ ስለዚህ አስልታችሁ ክፈሉ። የቡድን ቅናሽ በድረ ገጹ ላይ ባይጻፍም በኢሜይል መጠየቅ ነውር የለውም።

ጽሑፍ የሚያቀርብ ሰው በነጻ ይገባል የሚል እምነት አለ። በትልልቆቹ የመምህራን ጉባኤዎች ግን አቅራቢም ይከፍላል፤ ነጻ የሚገቡት በአብዛኛው የተጋበዙት ዋና ተናጋሪዎች ናቸው። በሌላ በኩል ቴሶልም አያቴፍልም የጉዞና የምዝገባ ድጋፍ የሚሰጡ ሽልማቶች አሏቸው። ማመልከቻቸው ከጉባኤው ብዙ ወራት ቀድሞ ስለሚዘጋ ምዝገባ ሲከፈት የሚያስታውስ ሰው ዘግይቷል።

ጉባኤው ውጭ አገር ከሆነ ቪዛውን መቼ እንጀምር?

የግብዣ ደብዳቤው እንደደረሳችሁ። አብዛኞቹ አዘጋጆች ይህን ደብዳቤ የሚሰጡት ምዝገባ ከተከፈለ በኋላ ስለሆነ ቪዛ ቢከለከል ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነና እስከ ምን ቀን እንደሚመለስ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ። ለሸንገን አገሮች የአጭር ጊዜ ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ከ15 ቀን ላነሰ ጊዜ መተው ግን አይቻልም። ውሳኔው በመደበኛው 15 ቀን ይወስዳል፣ ወደ 45 ቀን ሊራዘምም ይችላል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ዋስትናም ይጠየቃል። የቀጠሮ ወረፋው ለብቻው ሳምንታት ሊፈጅ እንደሚችል አትዘንጉ።

በቡድን ስትሄዱ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ የአንዱ ቪዛ ሊዘገይ ወይም ሊከለከል ይችላል። የጋራ ጽሑፍ ካላችሁ እያንዳንዳችሁ ሙሉውን ብቻችሁን ማቅረብ እንድትችሉ አድርጋችሁ ተለማመዱ።

የግድ ጽሑፍ ማቅረብ አለብን?

የግድ አይደለም፣ ግን የሚያቀርብ ሰው የሚያገኘው ጉባኤ ሌላ ነው። ደረቱ ላይ ያለውን ባጅ አይተው ሳይሆን ያቀረበውን ሰምተው ሰዎች ራሳቸው ይመጡለታል። ለዓይን አፋር ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

በጋራ ማቅረብ ይቻላል፣ የተለመደም ነው። ለጀማሪ ቡድን የምመክረው ፖስተር ነው፤ ከፖስተሩ አጠገብ ቆማችሁ ለሚመጣው ሰው አንድ በአንድ ታስረዳላችሁ፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል፣ መቶ ዓይን በአንዴ አያፈጥባችሁም። ደፈር ያላችሁ ፔቻ ኩቻ ሞክሩ። ይህ አስትሪድ ክላይንና ማርክ ዳይታም የተባሉ አርክቴክቶች እ.ኤ.አ. በ2003 ቶኪዮ ውስጥ የጀመሩት አቀራረብ ሲሆን 20 ስላይዶች እያንዳንዳቸው 20 ሰከንድ ቆይተው በራሳቸው ያልፋሉ፤ በድምሩ 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። ለሁለት ከተካፈላችሁት ለአንድ ሰው 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይደርሳል። ቀላል ይመስላል፤ ስላይዱ ተናጋሪውን እንደማይጠብቅ መድረክ ላይ እስኪታወቅ ድረስ።

የጽሑፍ ጥሪው የሚወጣው ከጉባኤው ከግማሽ ዓመት በላይ ቀድሞ ሊሆን ይችላል። አብስትራክቱ (የምታቀርቡት ጽሑፍ አጭር መግለጫ) ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 300 ቃላት ነው፤ ለፕሮግራሙ ደግሞ ከዚያ በጣም ያጠረ ማስተዋወቂያ ይጠየቃል። ገምጋሚዎች የሚጥሉት ብዙውን ጊዜ መጥፎውን ሐሳብ ሳይሆን ጥቅል የሆነውን ነው። «የመናገር ክህሎትን ማሳደግ» የሚል ርእስ ያለው ማመልከቻ መቶ ሌላ ወንድሞች አሉት። «60 ተማሪ ባለበት ክፍል ሁሉም ተማሪ በአንድ ክፍለ ጊዜ እንዲናገር ማድረግ» ግን ማንን እንደሚመለከት ወዲያው ይታወቃል። ተሳታፊው ምን ይዞ እንደሚወጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ግምገማው ስም ሳይታይ የሚካሄድ ከሆነ የትምህርት ቤታችሁንም ስም ከጽሑፉ ውስጥ አውጡ፤ በዚህ ብቻ ውድቅ የሚሆኑ አሉ።

በኢሜይል የመጣልን ግብዣ እውነተኛ መሆኑን እንዴት እናውቃለን?

ገንዘብ ለመሰብሰብ ብቻ የሚዘጋጁ ጉባኤዎች ብዙ ናቸው፣ መምህራንንም አይምሩም። «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ ለማያውቀው መምህር የሚጽፍ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ጽሑፋችሁን ተቀብያለሁ የሚል፣ ሕክምናን፣ ምሕንድስናንና ቋንቋን በአንድ አዳራሽ የሚያጉር ግብዣ ሲመጣ ቆም በሉ። የአዘጋጅ ኮሚቴው አባላት በየዩኒቨርሲቲያቸው ገጽ ላይ ይገኙ እንደሆነ ፈልጉ። ያለፈው ዓመት ፕሮግራም ካልተገኘም አትክፈሉ። «አስብ፣ አጣራ፣ ተሳተፍ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ይዞ በእንግሊዝኛ የሚገኝ ነጻ የማጣሪያ ዝርዝርም አለ፤ ጠቃሚ ነው። ከሁሉ የሚቀለው ግን ከዚህ በፊት የሄደ ሰው መጠየቅ ነው።

ፕሮግራሙ ላይ በአንድ ሰዓት አሥር ነገር አለ። እንዴት እንምረጥ?

አምስት ባልደረቦች በአንድ ረድፍ ተቀምጠው አንድ ንግግር ሲሰሙ ሳይ ይቆጨኛል። የከፈሉት የአምስት ሰው ነው፤ የሚመለሱት የአንድ ሰው ይዘው ነው።

ፕሮግራሙ ሲወጣ፣ ብዙውን ጊዜ ከጉባኤው ሳምንታት በፊት፣ አንድ ላይ ተቀመጡና ይዛችሁት የምትሄዱትን ችግር አንሱ። ከዚያ ተከፋፈሉ። አንዱ የመናገር ክህሎትን ይከተል፣ አንዷ ምዘናን፣ ሌላው ትልቅ ክፍል አያያዝን። ዋናውን የመክፈቻ ንግግር አብራችሁ ብትሰሙት ምንም አይደለም፣ ለምሳ ወሬ ይሆናል። ከዚያ ሌላ አብራችሁ የምትገቡበት አንድ ዓይነት ክፍለ ጊዜ ብቻ ይኑር፦ ተመልሳችሁ በእርግጥ ልትሞክሩት ያሰባችሁት ወርክሾፕ። አሠራሩ ሲረሳ አንዱ ያላስተዋለውን ሌላው ያስታውሳልና እሱን ሁለት ሰው ማየት አለበት።

የፕሮግራሙን አጭር ማስተዋወቂያ ስታነቡ ግሦቹን ተመልከቱ። «ይዳስሳል፣ ይቃኛል፣ ያመላክታል» የሚል ከሆነ ንግግር ነው፤ «ትሠራላችሁ፣ ትሞክራላችሁ፣ ታዘጋጃላችሁ» የሚል ከሆነ እጃችሁን የሚያስነካ ወርክሾፕ ነው። የአቅራቢውን ተቋምም እዩ፤ የመጽሐፍ ወይም የሶፍትዌር ኩባንያ ሠራተኛ ከሆነ ንግግሩ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ መጨረሻው ላይ ግን የሚሸጥ ነገር አለ። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ፕሮግራሙን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞልቶታል። ከእነዚህ ውስጥ የተማሪ ሥራ ይዞ የሚመጣውን ምረጡ፤ የመሣሪያዎቹን ስም የሚዘረዝረውን ቤት ሆናችሁ ማንበብ ትችላላችሁ።

የገባችሁበት ክፍለ ጊዜ የጠበቃችሁት ካልሆነ በጸጥታ መውጣት በትልልቅ ጉባኤዎች የተለመደ ነው። በር አጠገብ ተቀመጡ። ወርክሾፕ ላይ ግን በጥንድ ሥራ መሀል ተነስቶ መሄድ አብሮ የሚሠራውን ሰው ሜዳ ላይ መጣል ነው፤ እዚያ ታገሡ።

በየቀኑ አንድ ባዶ ሰዓትም ተዉ። ከጠዋት እስከ ማታ ሲያዳምጥ የዋለ ሰው ከሰዓት በኋላ የሰማውን አይሰማውም።

ማስታወሻ እንዴት እንያዝ?

ስላይድ አትገልብጡ፤ ብዙ አቅራቢዎች ኋላ ይልኩታል። ለእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ምን ልሞክር፣ በየትኛው ክፍል፣ ምን ያሠጋኛል። ሦስተኛዋን አትዝለሏት፤ አቅራቢው 15 ተማሪ ያለው ሰው ሊሆን ይችላል።

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሙከራ ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላትን በቃሉ አጥንቶ ምን ያህሉን እንደሚረሳ በራሱ ላይ ለክቷል፤ ትልቁ መርሳት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነበር። ጉባኤ ላይ የሚሰማው ትርጉም ስላለው እንዲህ በፍጥነት ባይጠፋም አቅጣጫው ያው ነው። ስለዚህ ማታ ማታ ተገናኙና እያንዳንዳችሁ ከሰማችሁት አንዱን ለሌሎቹ በአምስት ደቂቃ ተርኩ። ተበታትናችሁ የዋላችሁበት ትርፍ የሚሰበሰበው እዚህ ላይ ነው። አምስት ደቂቃ መተረክ ያልቻለ ሰው ነገሩ አልገባውም ማለት ነው፤ ጠዋት አቅራቢውን ፈልጎ ለመጠየቅ ግን ገና ጊዜ አለው። በቴሌግራም ፎቶ መላላክ ይህን አይተካውም። የማይነበብ የስላይድ ፎቶ የሞላበት ግሩፕ ያላየ የለም።

የማስተምረውን ቋንቋ አፌን አልፈታሁበትም። እነዚያ ሁሉ ተወላጆች ፊት መናገር ያስፈራኛል።

ይህን የማይጠይቅ ቡድን የለም፤ ጮክ ብሎ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ለምሳሌ እንግሊዝኛን ውሰዱ። በዓለም ላይ ከሚያስተምሩት አብዛኞቹ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋቸው አድርገው የተማሩት ናቸው፤ አዳራሹ ውስጥ ያሉትም እንደዚያው። ጉዳዩ በማኅበራቱ ውስጥም የቆየ ክርክር ነው። ቴሶል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ተወላጅ ያልሆኑ መምህራን የራሳቸውን ስብስብ አቋቁመዋል፤ ማኅበሩም በ2006 በእነሱ ላይ የሚደረገውን አድልዎ የሚቃወም መግለጫ አውጥቷል።

በተግባር ደግሞ ባልደረባ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ አጠገባችሁ ላለው ባልደረባ አንዴ በሹክሹክታ አንብቡለትና እጃችሁን አውጡ። ጥያቄው አጭር ይሁን፤ ከማይክሮፎን ጋር አምስት ደቂቃ የሚታገለው ጠያቂ አብዛኛውን ጊዜ ቋንቋ ያጠረው ሳይሆን የተረፈው ነው። ስለ አጠራራችሁ ይቅርታ እየጠየቃችሁ አትጀምሩ። እንዲህ የሚጀምር ተማሪን ክፍላችሁ ውስጥ ምን ትሉት ነበር?

በዕረፍት ሰዓት ከባልደረቦቼ ተለይቼ ብቆም ንቀት አይመስልም?

አስቀድማችሁ ከተስማማችሁበት አይመስልም። ጉዞ ሳትጀምሩ «በሻይ ዕረፍት አንገናኝም፣ ማታ እንገናኛለን» ተባባሉ። ሰው ለማናገር ቀላሉ መንገድ ከአንድ ክፍለ ጊዜ ስትወጡ ጎን ላይ የነበረውን ሰው «በእናንተ ክፍል ይህ ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ስልክ ወይም ኢሜይል ስትቀበሉ ለምን እንደተቀበላችሁ አንድ ቃል ጻፉበት፤ ካለዚያ ከሳምንት በኋላ የማታውቁት ሰው ስም ይሆንባችኋል።

የመጽሐፍ አሳታሚዎች ዐውደ ርእይ ጊዜ መስጠት ያስፈልገዋል?

አንድ ሰዓት ይበቃዋል፤ የመጨረሻው ቀን ከሰዓት ቢሆን ይመረጣል፤ ናሙና መጽሐፍ ይዘው መመለስ የማይፈልጉ አሳታሚዎች ያን ጊዜ እጃቸው ይፈታል። የሻንጣችሁን የክብደት ገደብ ግን አስቡ። ኢሜይላችሁን ለሁሉም ከሰጣችሁ ማስታወቂያው ዓመቱን ሙሉ ይከተላችኋል።

አንዱ ባልደረባችን ከተማ ሊያይ ጠፋ። ምን እናድርግ?

ግማሽ ቀን ከሆነ ተዉት፣ ሰው ነው። የትምህርት ቤት ገንዘብ ይዞ ሁለት ቀን ከጠፋ ግን ነገሩ የሁላችሁም ይሆናል፤ የሚቀጥለውን ዓመት ፈቃድ የሚያበላሸው እሱ ነውና። መከላከያው ያው የማታ ስብሰባ ነው፦ ማታ የሚተርከው ያለበት ሰው ቀን ይገባል። በመኝታ ክፍል ድልድልና በወጪ አከፋፈል የሚነሳውን ጭቅጭቅ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱት፣ ደረሰኝ የሚሰበስብም አንድ ሰው ሹሙ።

በኦንላይን መከታተል አይበቃም?

እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ማንቸስተር ሊደረግ የነበረውን የአያቴፍል ጉባኤ ሲያሰርዝ፣ ሌሎቹንም ወደ ስክሪን ሲያሻግር፣ ብዙ ነገር በኦንላይን እንደሚቻል ታየ። ንግግር ለመስማት ይበቃል፤ ቅጂው ስለሚቀመጥ እንዲያውም ይሻላል። ወርክሾፕና የኮሪደር ወሬ ግን ይቀንሳል። ጉዞ ካልተቻለ እንዲህ አድርጉት፦ እያንዳንዱ በየቤቱ አይከታተል፤ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ውስጥ ሰብሰብ ብላችሁ በአንድ ፕሮጀክተር እዩ፣ መሀል ላይ አቁማችሁ ተከራከሩ። ለዚህም ከክፍል ነጻ የሆነ ቀን ይፈቀድላችሁ፤ እያስተማሩ ጉባኤ መከታተል ሁለቱንም አለመሥራት ነው።

ከተመለስን በኋላ ምን እናድርግ? ሪፖርት ይበቃል?

ሪፖርቱን ጻፉ፣ ስለሚጠየቅ። ሁለት ገጽ ይበቃዋል፤ ከፋይል ካቢኔ አልፎም አይሄድም። ሥራው ሌላ ነው።

ካመጣችሁት ሁሉ አንድ ነገር ምረጡ። አንድ። ለምሳሌ ያ የማይናገረው 9ኛ ክፍል ችግራችሁ ከነበረና ወርክሾፕ ላይ በቋንቋ ማስተማር ተመራማሪው በፖል ኔሽን ጽሑፎች የታወቀውን የአራት፣ ሦስት፣ ሁለት ልምምድ አይታችሁት ከሆነ፣ እሱን ያዙ። ተማሪው አንድን ወሬ ለጓደኛው በአራት ደቂቃ ይነግረዋል፤ ያንኑ ወሬ ለሌላ ጓደኛ በሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ ለሦስተኛው በሁለት ደቂቃ ይደግመዋል። አድማጩ ስለሚለዋወጥ መድገሙ አያሰለችም፣ ሰዓቱ ስለሚያጥር ንግግሩ ይፈጥናል። መጽሐፍም ፎቶ ኮፒም አይጠይቅም።

ሁለታችሁ በየክፍላችሁ በተመሳሳይ ሳምንት ሞክሩት፤ ከዚያ አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ይይ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ባልደረባ ክፍል ሲገባ መምህሩ እንደ ተገምጋሚ ይሰማዋል፣ ተመልካቹም ሳያውቀው እንደ ሱፐርቫይዘር ይቀመጣል። ይህን ለማስቀረት የሚታየው መምህሩ ሳይሆን ተማሪው እንዲሆን ተስማሙ፦ ኋላ ወንበር ላይ ካሉት አራት ተማሪዎች ስንቱ ተናገረ? ሦስተኛው ዙር ላይ ማን ዝም አለ? ወደ ራሱ ቋንቋ የሸሸው መቼ ነው? ከክፍል ሲወጡ የሚወራው ስለዚህ ብቻ ይሁን።

የመጀመሪያው ሳምንት ይረበሻል። ድምፅ ይበዛል፣ የጎረቤት ክፍል መምህር ሊቆጣ ይችላል፣ አራት ደቂቃው ለደካማ ተማሪ ስለሚረዝም በሦስት መጀመር ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን ሁሉ አስተካክላችሁ ስድስት ሳምንት ከሞከራችሁት በኋላ ካልሠራ ጣሉት፤ ለምን እንዳልሠራም ጻፉ። ከሠራ ያልሄዱትን ባልደረቦች ጥሩ፤ ስላይድ አታሳዩዋቸው። ተማሪ አድርጋችሁ አስቀምጧቸውና ልምምዱን ራሳቸው ይሥሩት፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

የምስክር ወረቀቱ ዋጋ አለው?

ለሙያ ማሻሻያ ሰዓት የሚቆጠርበት ቦታ አለው፤ ሰዓቱ ተጽፎበት እንደሆነ ከመውጣታችሁ በፊት አረጋግጡ። ከዚያ ውጭ ወረቀት ነው።

የሌላ ሰው ስላይድና ያነሳነውን ፎቶ ለባልደረቦቻችን ማካፈል እንችላለን?

አቅራቢውን ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል፣ የተሻለውን ቅጂም ይልካሉ። ስላይዱ ላይ የክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ምልክት ካለ በፈቃዱ ቃል መሠረት፣ ስሙን ጠቅሳችሁ፣ ተጠቀሙበት። ስላይዱ የተማሪ ፊት ወይም ስም የሚታይበት ሥራ ከያዘ ግን ፎቶውን ወደ ግሩፕ አትላኩ። ለወረዳ ወይም ለክፍል ሥልጠና የሌላውን ስላይድ ስሙን ፍቆ ማቅረብ የሚታይ ነገር ሆኗል፤ አቅራቢውም በሚቀጥለው ጉባኤ ጎናችሁ ሊቀመጥ ይችላል።